«ባለቤትሽስ?»

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሦስቱም ስለ ቤት ናቸው። ሦስቱንም የላኩት ያለ ባል የሚኖሩ ሴቶች ናቸው። ክረምት ስለገባ ይሆናል። ሐምሌ ላይ ጎንደር ውስጥ ቤት ያለውም የሌለውም ማታ ማታ ጣሪያ እያዳመጠ ነው የሚተኛው። እኔም ብቻዬን የምኖር ሴት ስለሆንኩ ዛሬ ከሕጉ ጋር የራሴንም እቀላቅላለሁ።

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 37 ነው፣ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። አላገባሁም፣ ልጅም የለኝም። ማራኪ አካባቢ ተከራይቼ ስኖር ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፣ በዘጠኝ ዓመት አምስት ቤት ቀይሬአለሁ። አሁን ዕቁብ ደረሰኝ፣ ቁጠባም አለኝ። አዘዞ በኩል ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት አገኘሁ። ግቢዋ ትንሽ ናት፣ ጥግ ላይ ጌሾ አለ። ልቤ እዚያው ቀረ። ሻጩ ግን ካርታ የለውም። «በሦስት ሽማግሌ ፊት እንፈራረማለን፣ ሰፈሩ ሁሉ የገዛው እንዲሁ ነው» ይለኛል። ወንድሞቼ ደግሞ «መጀመሪያ ትዳር ያዢ፣ ሴት ብቻዋን ቤት ምን ያደርግላታል» ይላሉ። የሥራ ባልደረቦቼ «በዚህ ጊዜ ማን ቤት ይገዛል? ለመሆኑ መሬት የመንግሥት አይደል?» ይሉኛል። እኔ ፖለቲካ አልወድም። ስለ ቤት አፌን በከፈትኩ ቁጥር ግን ሰው ወደ ፖለቲካ ይወስደዋል። ምን ይመክሩኛል?

ነርሷ፣ ከማራኪ

መልስ

እህቴ፣ ከካርታው ልጀምር። ልብ የቀረበት ቤት ወረቀት አያስጠይቅም፣ እኔ የምፈራልሽ እሱን ነው።

ባልደረቦችሽ ያሉት እውነት አለበት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ያው አንቀጽ ግን ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬቱ ላይ የሠራው ቤት የራሱ ነው፣ ሊሸጠው፣ ሊለውጠው፣ ሊያወርሰው ይችላል ይላል። አንቺ የምትገዢው እንግዲህ ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። መብቱ ያለው ማን እንደሆነ የሚያሳየው ካርታው ነው። ካርታ የሌለው ሰው የሚሸጥልሽ ጭቃና ቆርቆሮ ብቻ ነው። ቤቱ ጨረቃ ቤት፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተሠራ ሆኖ አፍራሽ የመጣ ቀን ሦስቱ ሽማግሌዎች ምን ሊያደርጉልሽ? መስክረው ያስለቅሱሽ ይሆናል እንጂ ቤትሽን አያተርፉልሽም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። «ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ነው» የሚለው ቃል ሰፈሩ ሁሉ ሥጋት ላይ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ሻጩን «ካርታህን አውጣና ና፣ እጠብቅሃለሁ» በይው። ከወጣለት መልካም። ካልወጣለት፣ እያመመሽም ቢሆን ተይው። ሌላ ቤት ስታገኚ ደግሞ ካርታው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ከማዘጋጃ ቤቱ ፋይል አረጋግጪ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። እሷ ያልፈረመችበት ሽያጭ ነገ ክስ ነው። ቦታው ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ውጭ የተያዘ ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት፣ በሽያጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል፤ ሊዝ ቦታን ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዓመት መያዝ ነው። የመኖሪያ ሊዝ 99 ዓመት ነው። ክፍያውን ከቤቱ ዋጋ ለይተሽ አስቢው። የንብረት ታክስ አዋጅም በ2017 ጸድቋል፣ እሱም በየዓመቱ ከኪስሽ የሚወጣ ነገር መሆኑን ልብ በይ።

አንድ ነገር ደግሞ ከልምዴ። ቤቱን ዝናብ እየጣለ እዪው። በጋ ላይ ሁሉም ቤት ያምራል። ሐምሌ ላይ ጃንጥላ ይዘሽ ሂጂ፣ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ ተመልከቺ፣ የግድግዳውን ሥር በእጅሽ ነክተሽ እዪ። ከጎረቤት ቡና ጠጪና ውኃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ጠይቂ። የጎንደርን ውኃ ነገር ለአንቺ አልነግርሽም። ሮቶ የሚቀመጥበት ቦታ ከሌለው ቤት ጋር ትዳር ከባድ ነው።

አሁን ወደ ወንድሞችሽ።

በ2009 ዓ.ም. ቤቴን ገዝቼ ስም ላዛውር ሄድኩ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። ሰውዬው ፋይሌን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ባለቤትሽስ?» አለኝ። «ባለቤቷ እኔ ነኝ» አልኩት። «አይ፣ ባለቤትሽ?» አለኝ ደግሞ። በአማርኛችን ባልም ባለቤት ነው፣ ቤት ያለውም ባለቤት ነው። እኔና እሱ አንዷን ቃል ለሁለት ነገር እየወረወርን ቆየን። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሃያ ዓመት ሠርቼ የገዛኋትን ቤት ባለቤት ፊቱ ቆሜ እያየኝ ሌላ ባለቤት ይፈልግላታል።

ያላገባ መሆኔን የሚያሳይ ማስረጃ ከቀበሌ አምጪ አለኝ። ይሁን፣ ይህ የሚጠየቅ ነገር ነው፣ አመጣሁ። ቀጥሎ «ለማንኛውም ወንድምሽ መጥቶ ይፈርም» አለኝ። ይሄ ግን ከየትም የመጣ ሕግ አልነበረም። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በማግስቱ ተመልሼ «ወንድም ይፈርም የሚለው የትኛው ሕግ ላይ ነው? በጽሑፍ ስጠኝ» አልኩት። በጽሑፍ አልሰጠኝም። በሦስተኛው ሳምንት ካርታዬ ወጣ። ሦስት ስም ነው የተጻፈበት፣ የኔ፣ የአባቴና የአያቴ። ከጎኑ ግቢዬ በቀጭን መስመር ተሥሏል፣ ከቡና ቅጠል አትበልጥም። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ አምስት ጊዜ ሳላነበው አልቀረሁም። «በጽሑፍ ስጠኝ» የምትለዋን ቃል አንቺም ያዢያት። ድምፅሽን ከፍ ሳታደርጊ ነው የምትያት።

ወንድሞችሽ ክፉ አይመስሉኝም። ጎጆ መውጣት ማለት ማግባት ነው ተብሎ ነው ያደግነው። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ሲባልም ሰምተሽ ይሆናል። እዚያ አባባል ውስጥ ሴቷ ያለችው ከርስቱ ጎን ነው፣ ከሚጠበቁት ነገሮች ጋር። ግን የሀገራችን ታሪክ ከአባባሉ ይሰፋል። ርስት በእናትም በአባትም ይወርድ ነበር፣ ሴት ልጅም ድርሻ ነበራት። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የመሬትና የቤት ሽያጭ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፣ ከገዢዎቹና ከሻጮቹ መካከል ሴቶች አሉ። እቴጌ ምንትዋብስ? አፄ በካፋ ካረፉ በኋላ ግቢያቸውን ቁስቋም ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር አሠርተው አይደል የኖሩት? አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወንድሞችሽን እዚያ ይዘሻቸው ውጪ። ፍርስራሹ አሁንም ያምራል።

ትዳርን በተመለከተ የቤተሰብ ሕጉ አንቺን ይደግፋል። ከጋብቻ በፊት ያፈራሽው የግልሽ ሆኖ ይቀጥላል። ከጋብቻ በኋላ የሚገዛ ግን በአንዳችሁ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ተብሎ ነው የሚገመተው። ስለዚህ ዛሬ ብትገዢ ነገ ማግባትን አያግድሽም። ውልሽን፣ ደረሰኝሽን፣ የባንክ ወረቀትሽን አንድ ላይ አስቀምጪ፣ ኮፒውን ደግሞ ሌላ ቤት። የሚወድሽ ሰው ቤት ያላትን ሴት አይፈራም።

ፖለቲካ አልወድም ብለሻል። እኔም እንዳንቺ እል ነበር። ያስተወችኝ አክስቴ ናት።

አክስቴ አራዳ ላይ ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ቤቶች ነበሯት። ባሏ ሞቶባት፣ በአንዱ ጠላ እየሸጠች ትኖራለች፣ ሌላውን አከራይታ ልጆቿን ታስተምራለች። ሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተባለ። ሁለተኛው ቤት የቀበሌ ሆነ። የገባችበት ሴት አራት ልጅ ይዛ ከቤት ቤት ስትንከራተት የኖረች ነበረች። በወር ጥቂት ብር ከፍላ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ልቀቂልኝ» የሚላት የሌለበት ጣሪያ አገኘች። ስለዚህ አዋጁን ስረግመው ያቺ ሴት ትመጣብኛለች፣ ሳመሰግነው አክስቴ ትመጣብኛለች።

ሁለቱ መጀመሪያ ተኮራረፉ፣ ኋላ ቡና ተጣጡ። እኔ የማልረሳው በመካከላቸው የነበረውን ግድግዳ ነው። የሁለቱም ቤት ግድግዳ ነው። ዝናብ ከሥሩ እየበላው፣ ጭቃው ረግፎ እንጨቱ ወጣ። አክስቴ «የኔ አይደል፣ ብነካው እጠየቅበታለሁ» ትላለች። ያቺም «የኔ አይደል፣ የቀበሌ ነው» ትላለች። ቀበሌ ሄዱ፣ በጀት የለም ተባሉ። በየክረምቱ ሁለቱም ከየበኩላቸው ማዳበሪያ ይወትፉበታል። ልጅ ሆኜ እዚያ ሳድር ከግድግዳው ማዶ የልጆቹ ሳል ጆሮዬ ሥር ነበር የሚሰማኝ።

ከዚያ ወዲህ ፖለቲካ ሲባል የሚመጣብኝ ያ ግድግዳ ነው። አንቺ ባትወጂውም አጥርሽን አልፎ ገብቶ መኝታ ቤትሽ ይቆማል። ስለዚህ ፓርቲ ግቢ አልልሽም፣ የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ግን አትቅሪ። እኛ ሰፈር ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ስብሰባ ተጠርቶ ወንዶቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሀገር ተናገሩ። እኛ አምስት ሴቶች ተራ በተራ ተነስተን ስለ ቦዩ ብቻ ተናገርን። ጥቅምት ላይ ተቆፈረ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ልመርጥ ስሰለፍም መታወቂያዬን አይተው ወረቀቱን ሰጡኝ። ባለቤትሽስ ያለኝ የለም። ምርጫው ምንም ሆነ ምን፣ ያቺን ደቂቃ እወዳታለሁ።

«በዚህ ጊዜ ማን ቤት ይገዛል» ለሚሉሽ አትቆጪ፣ ፍርሃታቸው የሁላችንም ነው። ኅዳር 2013 አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያው በሮኬት በተመታበት ሌሊት እኔ ቤቴ ብቻዬን ነበርኩ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ያየነውን ደግሞ ታውቂዋለሽ። መንገድ ሲዘጋ ሲሚንቶ ይጠፋል፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ያለሽን ሁሉ አሟጠሽ ቤት ውስጥ አትቅበሪ፣ ቢያንስ የስድስት ወር መኖሪያ ባንክ ይቅር። በአራጣ አትበደሪ። ያን ማድረግ ከቻልሽ ግን ሰላም እስኪመጣ ልጠብቅ አትበዪ። በዘጠኝ ዓመት አምስት ጊዜ ዕቃሽን ጭነሻል፣ የተከራይ ሴት ሰላም የቱ ላይ እንደነበረ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ጥያቄ

እትዬ፣ ዘንድሮ ተመርቄ ሥራ የያዝኩ ልጅ ነኝ። ኮሌጅ አካባቢ ቤት ስፈልግ አከራዮች «ለብቻዋ ለምትኖር ሴት አናከራይም፣ ወንድ ይመላለስባታል» ይሉኛል። አንዷ ደግሞ የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልሽ አለችኝ። ይሄ ሕግ ነው?

መልስ

ልጄ፣ ሕግ አይደለም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። በክልሎች የትኞቹ ከተሞች ላይ እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ ነው፣ ስለዚህ የቀበሌሽን ቤቶች ጉዳይ ጠይቂ። ባይሠራ እንኳ ውልሽን በጽሑፍ አድርጊ፣ የከፈልሽበትን ደረሰኝ ወይም የባንክ ዝውውር ያዢ።

ወንድ ይመላለስባታል ስላሉሽ አትሸማቀቂ። እኔም በ25 ዓመቴ ተብዬዋለሁ፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከተቻለ ሥራ ቦታሽ ካለች የሰፈሩ ሰው ጋር ሆነሽ ፈልጊ፣ ጎረቤት የሚያውቃት ልጅ ቤት ቶሎ ታገኛለች። እንደዚህ መሆኑ አያስደስተኝም፣ ግን ዛሬ ማታ የምታድሪበት ያስፈልግሻል። እናንተ አከራዮች ደግሞ ይህን ካነበባችሁ፣ ያቺ ልጅ የእናንተ ልጅ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቤት የምትፈልገው ልጅ ናት።

ጥያቄ

ልጄ፣ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ፒያሳ አጠገብ የቀበሌ ቤት ውስጥ ስኖር 40 ዓመት አለፈኝ። ባሌ ከሞተ ቆይቷል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሦስት ባልዲ ነው የማስቀምጠው። ላሳድስ ብል ፈቃድ አምጪ ይሉኛል። አሁን ደግሞ ኮሪደር ልማት መጥቶ ያፈርሱታል የሚል ወሬ አለ። ብሞት ይህች ልጅ የት ትገባለች? ቤቱ የኔ ነው ወይስ አይደለም?

መልስ

እማማ፣ እግዚአብሔር ያቆይዎት። ከባዱን ልንገርዎት፣ ቤቱ በሕግ የእርስዎ አይደለም። የመንግሥት ነው፣ እርስዎ ተከራይ ነዎት። ሊሸጡትና ሊያወርሱት አይችሉም። 40 ዓመት ጠርገው፣ ለቅልቀው፣ ልጅ ወልደውበት አይደለም ሲሉት ያማል፣ አውቃለሁ።

ነገር ግን ተከራይም መብት አለው። መጀመሪያ የኪራይ ውሉ በማን ስም እንደሆነ ይጠይቁ። በሟች ባለቤትዎ ስም ከሆነ ዛሬ ነገ ሳይሉ በራስዎ ስም ይዛወር። ብዙ እናቶች እዚህ ላይ ነው የሚወድቁት፣ ፋይሉ ላይ ስማቸው የለም። የልጅ ልጅዎ አብራዎት የምትኖር ከሆነ እሷም በቤተሰብ አባልነት ትመዝገብ፣ የነዋሪነት መታወቂያዋም የዚያው ቤት ቁጥር ይኑረው። የኪራይ ደረሰኝ ያለዎትን ሁሉ ይሰብስቡ፣ የተቀዳደደም ቢሆን አይጣሉ። ውዝፍ ካለ ይክፈሉ፣ ሰበብ እንዳይሆን።

ለጣሪያው ማመልከቻ በጽሑፍ ያስገቡ፣ ሁለት ኮፒ ይሁን፣ አንዱ ላይ ገቢ የተደረገበት ቁጥርና ማኅተም አስመትተው ይመልሱት። ካልመለሱልዎት በወሩ ሌላ ያስገቡ። ያ ወረቀት ነገ ልማት ቢመጣም ነዋሪ መሆንዎን ይመሰክራል። ስለ ኮሪደሩ ወሬ አይስሙ፣ ሄደው ፕላኑን ይጠይቁ፣ ቤቴ ይነካል አይነካም ብለው። የሚነካ ከሆነ ምትክ ቤት ሳይሰጡኝ አልወጣም ይበሉ፣ ይህንንም በጽሑፍ። ከተማችን ስታምር ደስ ይለኛል፣ ፋሲል ግቢም ታድሶ ሳየው ልቤ ይሞላል። ከግቢው ሥር ሲኖሩ የኖሩ እናቶች ግን ከውበቱ ጋር አብረው መታየት አለባቸው።

ሦስት ባልዲ ብለውኛል። ለዛሬ ክረምት ማመልከቻው አይደርስም። የዕድርዎን ዳኛ ያነጋግሩ፣ ዕድር ለለቅሶ ብቻ አይደለም፣ ጉልበት ያላቸው ልጆች አሉት። ሁለት ቆርቆሮና አንድ ፓኬት ሚስማር ከተገኘ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የቤት ቁጥርዎን በልጅቷ እጅ ለዝግጅት ክፍላችን ይላኩልኝ። ቅዳሜ ከገበያ መልስ እመጣለሁ፣ ማመልከቻውን እዚያው ቁጭ ብለን እንጽፈዋለን፣ ሰኞ ጠዋት አብረን ቀበሌ እንሄዳለን። ደረሰኞቹን አውጥተው ይጠብቁኝ።